በሙሽሪት ወገን

ኦዩን ከሞንጎልያ ወደ ደቡብ ኮሪያዋ ቡሳን ከተማ በመጣች ሰሞን አውቶቡስ ውስጥ ጉድ አፍልታ ነበር። ቆማ ስትሄድ አንዲት የተቀመጡ አሮጊት ቦርሳዋን ከትከሻዋ ነጥቀው ጭናቸው ላይ ሲያኖሩት፣ የተዘረፈች መስሏት ጩኸቷን አቀለጠችው። ለካ የተቀመጠ ሰው የቆመውን ዕቃ የሚይዝለት በአገሩ ወግ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀባት፤ ትንሽ ቆይታ እሷም ሳቀች።

ዛሬ ግን የሳቅ ቀን አይደለም። የእሷና የእጮኛዋ የቴሶፕ ቤተሰቦች ምግብ ቤት ተገናኝተው የሠርጉን ቀን ይቆርጣሉ። የቴሶፕ እናት «ካንቺ ወገን ማን ይመጣል?» ብለው በስልክ ሲጠይቋት «እኔ» ነበር ያለቻቸው። እናቷን ጤናቸው አላስመጣቸውም፤ የላኩላት አንድ ከረጢት የደረቀ አይብ ብቻ ነው። በባዶ ወንበሮች መሀል ብቻዋን ስትቀመጥ እየታያት ሆዷ ባባ።

ወደ ምግብ ቤቱ በተሳፈረችበት አውቶቡስ ውስጥ ማልሱን የሚባሉ ጨዋታ ወዳድ አሮጊት ቦርሳዋን ተቀበሏት። ወዴት እንደምትሄድ፣ ማንን እንደምታገባ ጠየቋት፤ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። አይቡንም አቀመሰቻቸው።

«እማማ፣ አይነከስም፤ ጥርስ ይሰብራል። በጉንጭ ይዞ መምጠጥ ነው።»

ማልሱን መጥጠው ሲጨርሱ ቦርሳውን በሁለት እጃቸው እንዳቀፉ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰዳቸው። የኦዩን መውረጃ ደረሰ። ቦርሳውን ቀስ ብላ ብትስበው ጭራሽ አጥብቀው ያዙት። ትልቅ ሰው ከእንቅልፍ መቀስቀሱ ደግሞ አልሆንልሽ አላት። ፌርማታው አለፈ፤ ቀጣዩም አለፈ። ማልሱን የነቁት መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሹፌሩ ሞተሩን ሲያጠፋ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ምነው ሳትቀሰቅሺኝ?»

«እንቅልፍዎ አሳዘነኝ።»

«አሁንስ ያሳዘንሽኝ አንቺ ነሽ፤ የዋህ! ያስረፈድኩሽ እኔ፣ ይቅርታ የምጠይቅልሽም እኔ።»

እጇን ጎትተው በተመላሹ አውቶቡስ አብረዋት ተሳፈሩ። ቦርሳዋንም ቢሆን አልመለሱላትም።

ምግብ ቤቱ ሲደርሱ የቴሶፕ አባት፣ እናትና አክስት በአንድ በኩል ተደርድረዋል፤ የእናትየው ፊት ጠቁሯል። ቴሶፕ ላቡን ይጠርጋል። ማልሱን ጎንበስ ብለው እጅ ነሱና ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑን ተናገሩ። ኦዩን ተሰናብተዋት የሚሄዱ መስሏት ነበር። እሳቸው ግን ባዶውን ወንበር ስበው ከጎኗ ቁጭ አሉ። የጋበዛቸው የለም፤ ይነሱ ብሎ የሚደፍርም አልተገኘም።

ኦዩን አይቡን በሁለት እጇ አቀረበች። የቴሶፕ እናት አንዱን አንስተው ቢነክሱት ቢነክሱት እምቢ አላቸው። ኦዩን ደንግጣ አፏን ልትከፍት ስትል ማልሱን ቀደሟት።

«አይነከስም፤ በጉንጭ ይዞ መምጠጥ ነው» አሉ ኮራ ብለው። «እኛ ቤት የሚበላው እንደዚህ ነው።»

ኦዩን ደስታው እንባዋን አመጣባት፤ አንገቷን ደፍታ ደበቀችው። የቴሶፕ እናት አይቡን በአንድ ጉንጫቸው እንደያዙ ፊታቸው ፈታ አለ። ከዚያም ወደ ማልሱን ዞረው፣ «ታዲያ ሠርጉ መቼ ቢሆን ይሻላል ይላሉ፣ እናንተ ቤት?» ሲሉ ጠየቁ።