ሐረግ ያለው ቀንበር

ቀንበሩ በሁለተኛው ቀን የቦራን ጫንቃ ገሸለጠው። አርብ ረፋድ ላይ፣ የታችኛው ማሳ ገና እኩሌታው ሳይታረስ፣ በሬው ትልሙ መሐል ተንበርክኮ አልነሳም አለ። እናቷ ወይዘሮ ካሰች ለያይኔአበባ በስልክ የነገሯት ይህንኑ ብቻ ነው። "አባትሽ እንዳትሰማ ብለዋል" ብለው ጨመሩ፤ "እኔ ግን ብትመጪ ይሻላል ባይ ነኝ።"

ያይኔአበባ ቅዳሜ ጠዋት ከፍኖተ ሰላም ተሳፍራ ጅጋ ላይ ወረደችና የአንድ ሰዓቱን መንገድ በእግሯ ተያያዘችው። ሲዘንብ ነው ያደረው። ጉሙ ማሳውን ከነአጥሩ ውጦ አልፎ አልፎ አንድ ዛፍ ብቻ ይተፋል። ያየችውን ዛፍ ሁሉ በሐሳቧ መቁረጥ ልማዷ ነው። ያኛው ዋንዛ ከበሮ ይወጣዋል። ይኼኛው ቅርንጫፍ አንገቱን ያጠፈ ሳቢሳ ወፍ ነው፤ ክንፉን ብቻ ነው ማውጣት የሚቀረው። አንድ ቦታ ላይ ለምን እንደመጣች ጭራሽ ረስታ ቆማ አገኘችው ራሷን፤ እጇ አየር ላይ ቅርፊት ይልጣል። ተናዳ እርምጃዋን አፈጠነች።

ሥራዋ ኬሚስትሪ ማስተማር ነው። እንጨቱ የትርፍ ጊዜ ነገር ነው፤ ማንም አላስተማራት። የተከራየቻት ክፍል ግን ከአስተማሪ ቤት ይልቅ የጠራቢ ቤት ትመስላለች። ሚዶ፣ ጭልፋ፣ ገበጣ፣ ሦስት እግር ያለው በርጩማ፣ ክዳኑ እንደ ዓሣ የሚከፈት ሣጥን፣ አንድ ክንፉ ያልተጨረሰ ወፍ። መሮዋን ስትይዝ ሰዓቱ የት እንደሚገባ አታውቅም። ጠዋት ተቀምጣ ቀና ስትል ቀኑ አልቋል፤ ጉልበቷ ላይ ፍቅፋቂው እንደ ዱቄት ተቆልሏል፤ ምሳም አልበላች።

"ይህን ያህል እንጨት ስትጠርቢ አንድ ባል ይወጣው ነበር" ይላታል አብሯት የሚያስተምረው ምስክር።

"ለባል የሚሆን እንጨት ተመናምኗል" ትለዋለች።

ቀንበሩን ያሰበችው ሚያዝያ ላይ ነው። ከከተማው አንድ አሮጌ ቤት ሲፈርስ የወይራ ወራጅ ወደቀና ባለቤቶቹ ለማገዶ ሊፈልጡት ሲሉ ደረሰች። ስድሳ ዓመት የደረቀ፣ የማር መልክ ያለው እንጨት። ገና ስታየው ቀንበር ሆኖ ታያት፤ ከፊቱም የሚደነቁ አባቷ። ሦስት ሳምንት ሠራችው። በብራና መጻሕፍት ጠርዝ ላይ የሚሳበውን ዓይነት ሐረግ ከአንዱ ጫፍ ጀምራ ቅጠል በቅጠል አስኬደችው። ሐረጉ ሌላው ጫፍ ላይ ሲደርስ መቆም አልፈለገም። እሷም አላቆመችውም፤ አዙራ በታችኛው ፊት፣ በሆዱ በኩል መለሰችው። መጨረሻ ላይ በኑግ ዘይት አሸችው።

አባቷ አቶ ደረሰ ተረከቡትና ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። በማግስቱ ተሸክመው መንደሩን አዞሩት፤ "ደረሰ፣ ይኼ ለበሬ ነው ለጳጳስ?" ያሏቸውን ቀልድ ሳይቀር ለልጃቸው ደውለው አወሩላት።

እናቷ ካሰች በረቱ ደጃፍ ላይ ቆመው በቅጠል ዝንብ ሲያባርሩ ደረሰች። ቦራ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ቆሟል። ያይኔአበባ ተጠጋችና ጫንቃውን አየች። ቆዳው ዝም ብሎ አልተላጠም። አንድ ሙሉ ቅጠል፣ ከቅጠሉ የሚወጣው ጠምዛዛ ግንድ፣ ከግንዱ ደግሞ የሌላ ቅጠል እኩሌታ፣ ሁሉም በቀይ ታትሞበታል። ለአንድ አፍታ ያማረ መሰላት። ከዚያ ዓይኗን ከቁስሉ ነቅላ ወደ እናቷ ዞረች።

"እማ፣ በሆዱ በኩል መቅረጼን አይታችሁ ነበር?"

"እኔማ ምን አውቃለሁ? አባትሽ ግን አርባ ዓመት አርሰዋል።" ቅጠሉን ወዲያ ወዲህ አደረጉ። "ግቢ፤ እሳት ዳር ናቸው። ቁጣ እንዳታበዢ።"

አባቷ መደቡ ላይ ተቀምጠው ከአንድ የበግ ቆዳ ላይ ጠጉር ይላጫሉ። ቀንበሩ አጠገባቸው ግድግዳውን ተደግፏል። ከደጁ በሚገባው ብርሃን እንደ ውኃ ያብረቀርቃል።

"ደህና ከረምሽ ወይ ሳይሉኝ በፊት ይንገሩኝ፣ አባ" አለች፤ "ለምን ጠመዱበት?"

"ደህና ነሽ ወይ መጀመሪያ።"

"ደህና ነኝ። ለምን ጠመዱበት?"

"ቀንበሩ ምን አጠፋ? በሬው ነው።"

"በሬው ምን አደረገ?"

"ታበየ" አሉ ደረሰ፣ ከቆዳው ቀና ሳይሉ። "ያጌጠ ነገር ሲጭኑበት ጊዜ አንገቱን ያወዛውዝ ጀመር። አውሬ ነው፤ ልክ አያውቅም።"

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ዋጠችው። "አባ፣ ወይራ ነው፤ ይከብዳል። ዋንዛ መሆን ነበረበት። በዚያ ላይ ሆዱ መለስለስ ነበረበት። እርስዎ ሲዳስሱት አውቀውታል። ያን ቀን ጣትዎ እታች ላይ ሲቆም አይቻለሁ።"

ደረሰ ቢላዋውን ጉልበታቸው ላይ ጠረጉት። "ልጅ ስጦታ ስታመጣ 'ይኼ ለበሬ አይሆንም' የሚል አባት የት አገር አየሽ? ይልቅ ይህን ቆዳ እጠቀልልበታለሁ። ሰኞ በጠዋት ይጠመዳል።"

"በዚያ ቁስል ላይ?"

"ቆዳ አለው አልሁሽ።"

"ቦራ ይሞታል።"

"በቆሎው ሳይዘራ ሰኔ ከተጋመሰ ደግሞ እኛ ነን የምንሞት።"

የእናቷን ድምፅ ከበሩ ሰማች። "አሮጌው ቀንበር ቢኖር ኖሮ እንኳ" አሉ ካሰች፤ "ጌታሁን በሬውን ይዞ ተቀምጧል፤ የሚቀናጀው ሰው አጥቶ።"

"አንቺ ዝም በይ" አሉ ደረሰ።

"አሮጌው የት ሄደ?" አለች ያይኔአበባ።

ነገሩ ቀስ በቀስ ከእናቷ አፍ ወጣ። ጎረቤታቸው ጌታሁን ያለው አንድ በሬ ነው። ጥር ላይ፣ ማኅበር በተቀመጡበት፣ የእሱን በሬ ከደረሰ በሬዎች ከአንዱ ጋር አቀናጅተው ተራ በተራ እንዲያርሱ ጠየቀ። ደረሰም በሰው ሁሉ ፊት፣ "ሁለት በሬ ያለው ሰው ምን አጥቶ ይቀናጃል?" አሉት። የልጃቸው ቀንበር የመጣ ዕለት ደግሞ አሮጌውን አንስተው ደጁ ድረስ ወሰዱለት። "እንካ፤ በሬ ባይኖርህ ቀንበር ይኑርህ" ብለው።

"እንዲህ አሉት?"

"ቀልድ ነበር" አሉ ደረሰ። ጆሯቸው ቀልቷል። "ሰው ሁሉ ስቋል።"

"ጌታሁንስ ሳቀ?"

ደረሰ ቢላዋውን አንስተው መላጨታቸውን ቀጠሉ።

ያይኔአበባ ቀንበሩን አየችው። ወለሉ ላይ የብርሃን ዘንግ ወድቆ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ የሚተነፍሱ ይመስላሉ። ከሠራችው ነገር ሁሉ እንደዚህ ያማረ የለም፤ ምናልባት ወደፊትም አይኖርም። ያን ሦስት ሳምንት አሰበች። ስለ በሬ አንድም ቀን አላሰበችም ነበር። ስለ አባቷ እንኳ ያሰበችው ሲደነቁ ነው እንጂ ሲያርሱ አይደለም። ሐረጉ ሲዞር፣ እጇ ሲከተለው፣ ያ ሁሉ ደስታ ከበሬ አንገት ጋር እንደሚገናኝ ጭራሽ ሕልሟ ውስጥ አልነበረም። ይህንን ለራሷ ስትነግረው አላለቀሰችም። ማልቀስ ጊዜ መፍጀት ነው።

"የጌታሁንን በሬና አሮጌውን ቀንበር ይዘን ከሌላው በሬያችን ከዳማ ጋር እንጠምዳለን" አለች። "አንድ ቀን ለእሱ፣ አንድ ቀን ለእኛ። ሰኞ ከእሱ ማሳ ይጀመር።"

"ማን ይጠይቀዋል?"

"እኔ።"

"የተፉትን ምራቅ መልሶ መላስ ነው ይኼ። ደግሞ እኔ በሕይወት እያለሁ ሴት ልጄ በሬ ልመና አትሄድም።"

"በሬ ልመና አይደለም የምሄደው። ጥፋቴን ልናገር ነው።"

"ምን ልትዪው?"

"ሐረጉን የት ላይ እንደቀረጽሁት። ወይራ ለቀንበር እንደማይሆን ያላወቅሁ የገበሬ ልጅ መሆኔን።"

"ይስቅብሻል።"

"ይሳቅ።"

"መንደሩ ሁሉ ይሰማል፤ ዲግሪ ያላት ልጅ…"

"አባ፣ እርስዎ ያሉት ቀልድ ከሆነ፣ የእኔም ቀልድ ይሁን። ተራው የእሱ ነው፤ ይሳቅ።"

ካሰች ከበሩ ገለል አሉ። ውጭ እንደገና ማካፋት ጀምሯል። ያይኔአበባ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አደረገችና ጫማዋን አጠለቀች። አባቷ የበግ ቆዳውን ዘረጉት፣ ጠቀለሉት፣ መልሰው ዘረጉት። የሚከለክል ቃል ጠበቀች።

"የጌታሁን ውሻ ክፉ ነው" አሉ በመጨረሻ፣ ቀና ሳይሉ። "በጓሮ በኩል ሳይሆን በላይኛው በር ግቢ።"

"እሺ" አለችና ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።