ከግንቡ ሥር ያሉት ነጥቦች

ቢሮ ውስጥ «ላጲስ» ነው የሚሉኝ። ያረጀ የወረቀት ፕላን ስካን ተደርጎ ሲመጣ ወደ መስመር የምለውጠው እኔ ነኝ። ስካን የተደረገ ምስል ለኮምፒውተሩ የጥቁርና የነጭ ነጥብ ክምር ነው፤ ቢያጎሉት ይደበዝዛል፣ ልለካው ቢሉት አይለካም። መሐንዲሶች የሚፈልጉት የንድፍ ሶፍትዌራቸው የሚያውቀውን፣ መነሻና መድረሻ ያለውን መስመር ነው። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ቆሻሻ ሳይ ያመኛል። የሻይ እድፉን፣ የእጥፋቱን ምልክት፣ የዝንቡን ኩስ አንድም ሳላስቀር ጠርጌ ነው የማስረክበው። መታወቂያህ ላይ ያለውን ማዲያትም ታጠፋዋለህ እያሉ ይቀልዱብኛል።

በዚያ ሳምንት የደረሰኝ የአሮጌው መቃብር ፕላን ነበር። አዲሱ መንገድ በመሃሉ ስለሚያልፍ አፅሞቹ ወደ ሌላ ቦታ ሊዛወሩ ነው። ድንጋዮቹ ከተነቃቀሉና ሣር ከዋጣቸው ዓመታት አልፈዋል፤ ስለዚህ ተቋራጩ የሚያነሳው ንድፉ ላይ ያለውን ብቻ ነው፣ በቀረው ላይ ሰኞ ጠዋት ዶዘር ይሄድበታል። እያንዳንዱ መቃብር በሳጥን ተስሏል። በሰሜኑ ግንብ ሥር ግን ነጠብጣብ በዝቶበታል። «ከዚህ መጠን በታች ያለውን አጥፋ» የሚለውን ትእዛዝ ስጫነው ሁለት መቶ አሥራ አራት ነጠብጣብ ባንዴ ድራሹ ጠፋ። ሐሙስ ጠዋት አስረከብኩ፤ ኃላፊያችንም አመሰገነኝ።

ለምሳ ቤት ስሄድ ለእናቴ ጉራዬን ነዛሁባት። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ እጅጌ እየገጠመች ነበር የምትሰማኝ። ግንቡ ሥር የጠረግሁት የዝንብ ኩስ ጋ ስደርስ እግሯ ፔዳሉ ላይ ቆመ።

«የዝንብ ነው ያልከው?»

«ታዲያ የምን ሊሆን ነው፣ እማዬ?»

እጅጌውን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «የሕፃናቱ ነው» አለች። «ፕላኑን የሚሞላው የመቃብሩ ጠባቂ ለአራስ ልጅ ሳጥን አይሥልም ነበር። ብዕሩን ጫን አድርጎ አንድ ነጥብ ብቻ ያደርጋል። ሲያደርግ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ።»

ከእኔ በፊት ወንድ ልጅ እንደወለደች፣ አሥራ አንድ ቀን ብቻ እንደኖረላት የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ በሠላሳ አራት ዓመቴ። ልብስ ላድርስ እያለች በየዓመቱ አንድ ከሰዓት ድምጿን አጥፍታ የምትሄደው ወዴት እንደነበር ያኔ ገባኝ። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ኩምሽሽ አልኩ።

ምሳዬን ሳልነካ ወደ ቢሮ ተመለስኩና ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለኃላፊያችን ነገርኩት። ነጥቦቹን መመለስ ቀላል ነበር፤ ስካኑ አለኝ። ግን ኃላፊያችን፣ ተቋራጩ ለዝንብ ኩስ ጉድጓድ አይቆፍርም፣ ሁለት ሦስቱን ቆፍሮ ባዶ ካገኘ የቀረውን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል አለኝ። እውነቱን ነው። ስክሪኑ ላይ አጎላሁት፤ እድፉም ልጁም ያው ጥቁር ነጥብ ነው። እነሱን የሚለይ ትእዛዝ ሶፍትዌሩ ውስጥ የለም።

ይህንኑ ለእናቴ ስነግራት ወረቀቱን ልየው አለች። አርብ ጠዋት ይዣት መጣሁ፤ መዝገብ ቤት ውስጥ ዋናውን ፕላን ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋንላት። ብዙ ካየችው በኋላ ገልብጡልኝ አለች። ጀርባው ባዶ ነበር። ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ጫፍ ቀስ እያለች ዳበሰችው። ብዕር የተጫነው ወረቀት በጀርባው ይጎረብጣል፤ እድፍ አይጎረብጥም። አርባ ዓመት የክር ቋጠሮ ሲፈልግ የኖረ ጣት ነው፤ እኔ ስሞክር እሷ ካሳየችኝ ነጥቦች ሦስተኛው ላይ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ነገር የተሰማኝ። እጄን ሰበሰብኩ።

እሷ ባቆመችበት ሁሉ በእርሳስ ትንሽ ክብ አደረግሁ። ቀትር ላይ ሃምሳ ሰባት ሆኑ። ከጥጉ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ጣቷን ወዲያው አላነሳችም፤ ይሄ ነው አለች፣ እኔም እርሳሴን ይዤ ጠበቅኋት።

የወረቀቱን ጀርባ ስካን አድርጌ፣ ግራና ቀኙን አገላብጬ ከፊቱ ምስል ጋር አነባበርኩት። ከዚያ ትእዛዝ ሳልጫን፣ ሃምሳ ሰባቱን ሳጥን አንድ በአንድ በእጄ ሳልኳቸው። ኃላፊያችን ተቋራጩ ጋ ደውሎ ንድፉ ተሳስቶ ነበር፣ ዛሬ የታረመው ይደርስሃል አለው። አብሮት የሚሄደው ዝርዝር ቁጥርና ስም ይጠይቃል። ሃምሳ ስድስቱ ላይ «ያልታወቀ» ብዬ ሞላሁ። እናቴ አጠገቤ ወንበር ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች።

«ስሙ ማን ነበር፣ እማዬ?»

መልስ ከመስጠቷ በፊት ኮሌታዬን አስተካከለችልኝ።

«ስሙንማ አንተ ይዘኸዋል» አለች።

ኃላፊያችን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የመጨረሻው መስመር ላይ ስሜን ጻፍኩ፤ ሁለት ጊዜ ፊደል ስቼ ሁለት ጊዜ አረምኩት።