ሚስቴ ታስተካክለዋለች

ሬዲዮ ጣቢያው ተራራ ላይ አንድ ሰርቨር አለው። ሰርቨሩ ከከተማው ስቱዲዮ የሚላክለትን ድምፅ ተቀብሎ ለአንቴናው ያቀብላል። ሲሠራ ማንም አያስታውሰውም፤ ሲቆም ግን ጣት ሁሉ ወደ አንዲት ሴት ይቀሰራል። ባልደረቦቿ «እትዬ» ይሏታል። ሰርቨሩን የተከለው ባሏ ነበር። አብረው ይሠሩ ነበርና እሱ ከሞተ ወዲህ የሁለቱም ድርሻ በእሷ ትከሻ ላይ ወድቋል። ስለ እሱ ሲያነሱባት «እጀ ንጹሕ ቴክኒሻን ነበር» ትልና ወሬውን ወደ ኬብል ትመልሰዋለች።

የዕረፍት ቀኗ ነበር። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፗን ከፍታለች። አማቷ ከፊት ለፊቷ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ሬዲዮው ወጥ ቤት መስኮት ላይ ሆኖ ያዜማል።

«በዕረፍት ቀንሽም ከዚህ ሣጥን ጋር ትፋጠጫለሽ?» አሉ አማቷ።

«ትንሽ ነገር ነው፣ እማማ። የማያውቁን ሰዎች የሰርቨሩን በር ማንኳኳት አብዝተዋል። ልዘጋባቸው ነው።»

«ዝጊባቸዋ።»

ዘጋችባቸው። የጻፈችው ሁለት መስመር ትእዛዝ ነበር። አንደኛው «ማንም አይግባ» ይላል፤ ሁለተኛው «እኔና ስቱዲዮው ብቻ እንግባ» ይላል። ጀማሪ እንኳ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው መቅደም ነበረበት። እትዬ ይህን ለስንቱ ጀማሪ አስተምራለች። ያን ዕለት ግን የመጀመሪያውን መስመር ጽፋ ቁልፉን ተጫነችና ወደ ሁለተኛው ስታልፍ ስክሪኑ ደርቆ ቀረ። ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ በሩን ድርግም እንዳደረገ ሰው ሆነች።

በዚያው ቅጽበት ወጥ ቤት ያለው ሬዲዮ ዘፈኑን ዋጠው። ትንሽ ፀጥ አለ። ከዚያ አንድ ሰው ሳለ።

የአማቷ እጅ ምስሩ ላይ ቆመ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለ ሬዲዮው። «ይሰማል? ይሰማል። ያንን ኬብል አቀብለኝ እስቲ። ይሄ ሰማያዊ ነው። እኔ ቀዩን ነው ያልኩህ። ቀይ አታውቅም? በዚህ ብርድ የራስህን አፍንጫ ተመልከት፤ እሱን የመሰለውን ስጠኝ።» ነፋስ አፏጨ፤ እንደገና ሳል ተሰማ። «እሺ። እንግዲህ ይሄን እየሰማችሁ ከሆነ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። አትጨነቁ፤ ሚስቴ ታስተካክለዋለች። እኔ ምሳዬን ልብላ።»

ከዚያ ደግሞ ከሳሉ ጀመረ።

ባሏ ጠንቃቃ ሰው ነበር። ሰርቨሩ ከስቱዲዮ ድምፅ ሲያጣ ዝም እንዳይል የመጠባበቂያ ድምፅ አስቀምጦለት ነበር። ለጊዜው ብሎ ያስቀመጠው ሥራውን የፈተሸበትን ቅጂ ነው፤ በኋላ በሙዚቃ እተካዋለሁ እንዳለ ሳይተካው ቀረ። ከእሱ በኋላ የመጣው ሥራ አስኪያጅ ቅጂውን ሰምቶት አያውቅም፤ ነገር ግን ሥርዓት ይወዳልና «የመጠባበቂያው ድምፅ ሙዚቃ ይሁን» ብሎ ደጋግሞ አዟታል። እሷም ደጋግማ «ነገ» ብላዋለች። ቅጂውን ወደ ቤት ማምጣት አቅቷት አልነበረም። ቤት ካመጣችው ግን ምን ስታደርግበት እንደምትውል ታውቃለች። እዚያው ተራራው ላይ፣ ተረኛ ሆኖ፣ ሳይሰማ እንዲኖርላት ነበር የፈለገችው። አሁን አገር ሁሉ እየሰማው ነው። ሥራ አስኪያጁ ይህን ከሰማ ዛሬውኑ ያስጠፋዋል። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ እሱ ራሱ በየሳምንቱ የሚያቀርበው ምክር አለ፤ እስከዚያ ድረስ ሰርቨሩ ካልተመለሰ ፋይሉ ብቻ ሳይሆን እሷም ሳትሄድ አትቀርም።

«ይኸው» አሉ አማቷ በመጨረሻ። «ያን ቀን ሹራብህን ደርብ ብዬው ነበር።» ተነሥተው ሬዲዮውን ከፍ አደረጉት።

ከመስኮቱ በታች ያለው ፀጉር አስተካካይም ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ነበር። «ሚስቴ ታስተካክለዋለች» የሚለው በሁለተኛው ዙር ሲደርስ ደንበኞቹ ሳቁ። በሦስተኛው ዙር ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አቁሞ፣ «ሚስትየዋ ታዲያ የት ገብታ ነው?» አለ።

«ገበያ ሄዳ ይሆናል» አለ አንዱ።

«ሰውየው ምሳውን እንኳ በሰላም አይበላም እንዴ?» አለ ሌላው።

እትዬ መስኮቱን ዘጋች።

ተራራው ድረስ መሄድ የማይታሰብ ነው፤ ዝናቡ መንገዱን ቆርጦታል። ነገር ግን ባሏ የፊቱን በር ሲሠራ ከኋላ ትንሽ መስኮት ትቶ ነበር። ከሰርቨሩ ጀርባ ቀጭን የሲሪያል ኬብል ይወጣል፤ ኬብሉ ሳሙና የምታክል ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ሣጥኗ የራሷ ሲም ካርድ አላት። ቤቱ ተቀምጦ ወደ ሣጥኗ የገባ ሰው ተራራው ላይ ወጥቶ የሰርቨሩን ኪቦርድ እንደያዘ ይቆጠራል። ኮንሶል ይሉታል። የፊቱ በር ቢዘጋም ባይዘጋም መስኮቱ ግድ የለውም።

ገባች። ጥቁሩ ስክሪን ላይ «ማን ልበል?» የሚል ጥያቄ ብልጭ ድርግም ይላል። ስሟን መጻፍ ጀመረች። ያልጻፈችው ፊደል መሃል ገባ። አጠፋችው። ያላጠፋችው ፊደልም አብሮ ጠፋ። እጇን ከኪቦርዱ ላይ አንሥታ ጠበቀች፤ እሱም ጠበቀ። እንደገና ስትጀምር እንደገና ጀመረ።

በፊት በር የዘጋችባቸው ሰዎች በመስኮት ገብተው ኖሯል።

«ማን ነህ?» ብላ ጻፈች። በዚያኛው ወገን ያለው ደግሞ በዚያው ሰዓት «ውጣ» ይጽፋል። የሁለቱ ፊደል ተጠላልፎ «ማውንጣነህ» የሚል ነገር ወጣ። ሰርቨሩ ጨዋ ነው፤ የመጣውን ሁሉ በእኩል ዓይን ያያል። «ማውንጣነህ»ን የይለፍ ቃሉን ጠየቀው።

ስልኳን አንሥታ ስቱዲዮ ወዳለው ባልደረባዋ ደወለች። ባልደረባው «ጥድፊያ» ይባላል። የመንታ ልጆች አባት ነው፤ ጸጉሩም ሸሽቷል፤ ግን እስካሁን ደረጃ ላይ ሲራመድ ያየው ሰው የለም፤ ሁልጊዜ እየዘለለ ነው። መስመሩ ተይዟል። ዘግታ ስትጠብቅ እሱ ደወለ።

«እትዬ» አለ በሹክሹክታ፣ «ሌባ ገብቶብናል። ኮንሶሉ ላይ ነው። ስጽፍ ይጽፋል፣ ሳቆም ያቆማል። ይቀልድብኛል።»

«ምን ብሎ ጻፈ?»

«‹ማን ነህ› ይለኛል። ዓይን አውጣ።»

እትዬ ዓይኗን ጨፈነች። «አንተስ ምን አልከው?»

«‹ውጣ› አልኩት። ለሌባ ምን ይባላል?»

«ሌባዋ እኔ ነኝ።»

ኮንሶሉ አንድ ነው፤ ሁለት ሰው ሲገባበት ሁለቱም የሚጽፉት አንድ መስመር ላይ ነው። ይህንንም ጥድፊያ ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። ያም ሆኖ ሁለቱም ሌባ ነበር የታያቸው።

«እሺ፣ እጅህን አንሣና እኔ ልግባ።»

«እኔ እኮ ስሜን ጽፌ ጨርሻለሁ፤ አንቺ አንሺ።»

«አላለቀም። መሃሉ ላይ የእኔ ፊደል አለበት።»

«እትዬ በናትሽ፣ ባለቤቴ ሁለቴ ደውላለች። ‹አፍንጫህን ለምን በሬዲዮ ይሰድቡሃል› ትላለች። መንታዎቹ ከጎኗ ሆነው ‹ቀይ አታውቅም› እያሉ ይዘፍናሉ። እኔ ነኝ ከማንም በላይ የቸኮልኩት።»

ኬብሉን ያቀበለው እሱ ነበር ለካ። ረስታው ኖሯል። አፏን በእጇ ያዘች፤ ስታለቅስ ይሁን ስትስቅ ስልኩ አያሳይም።

«እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት» አለች ድምፅዋን አስተካክላ። «ሁለቱንም።»

«ስልኩን በምን ልያዝ?»

«በአንዱ ያዝ። አንዱን ክተት።»

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ከጥድፊያ ነጠቀ። «እህቴ፣ ይህ ሰውዬ ማነው? አድማጭ ያለማቋረጥ ይደውላል። አንዷ ምሳ ልጋብዘው ትላለች። ሌላው ‹ይህን አቅራቢ ከየት አመጣችሁት፣ ከሁሉ እሱ ይሻላል› አለኝ። ከሁሉ። እኔ ደግሞ አሁን ልገባ ነው።»

«ወዲያው አስተካክለዋለሁ፣ ጌታዬ።»

«እሱም እንደዚያ ነው የሚለው።»

ስሟን ብቻዋን ጻፈች፤ ሰርቨሩ አስገባት። ሁለቱን መስመሮች በየቦታቸው አደረገች፤ ለራሷና ለስቱዲዮው ከፈተች፤ ከዚያ ለቀረው ዓለም ዘጋች። የቀረው ቁልፉን መጫን ነው። ከወጥ ቤት ያ ድምፅ ወደ ሳሉ ተመለሰ። አማቷ ምስሩን ትተው ሬዲዮው አጠገብ ቆመዋል፤ እንደ ሁልጊዜው ይመልሱለታል። «ቀዩን ስጠው እንጂ፣ አንተ» ይላሉ። «ጉንፋን ይዞት እያየኸው ታቆመዋለህ?»

እስኪጨርስ ልጠብቀው፣ አለች በልቧ። አንድ ዙር ነው።

«እትዬ» አለ ጥድፊያ፣ «ሥራ አስኪያጁ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጧል። ጉሮሮውን እየጠራረገ ነው።»

«አትጨነቁ፤ ሚስቴ ታስተካክለዋለች» አለ ሬዲዮው። «እኔ ምሳዬን ል…»

ተጫነችው።

«…ክቡራን አድማጮች» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ «የዛሬው ምክራችን ስለ ጥንቃቄ ነው።»

አማቷ ዘወር ብለው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «ምሳውን ቢበላ ምን ነበረበት?» አሉና ወደ ምስራቸው ተመለሱ። ከታች ፀጉር አስተካካዩ፣ «ደረሰች መሰለኝ» ሲል በተዘጋው መስኮት ውስጥ ተሰማት።

ምክሩ ሲያልቅ ስልኩ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ነው። አልተቆጣም፤ ይህ ይበልጥ አስፈራት።

«እህቴ፣ ያ ፋይል አሁን ይጥፋ። ነገ አይደለም። በእሱ ቦታ ሙዚቃ ይግባ። ጥድፊያ አጠገቤ ሆኖ ስክሪኑን ያያል፤ ጠፋ ብሎ ሲነግረኝ ነው የማምነው።»

«እሺ፣ ጌታዬ።»

ልመና አታውቅም። ደግሞ ምን ብላ ትለምነዋለች? ኮንሶሉ ላይ የማጥፊያውን ትእዛዝ ጻፈች፤ ከጎኑ የፋይሉን ስም ጻፈች። ስሙ «ለጊዜው» ነበር። ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች። ከዚህ የከበደ ቁልፍ ተጭና አታውቅም። ራሷን ለማበርታት እስከ ሦስት ልትቆጥር ወሰነች፤ አንድ ስትል ግን ስክሪኑ ላይ የመጨረሻው ፊደል ጠፋ።

እሷ አልነካችውም።

ሌላው ፊደል ጠፋ። ከዚያ ሌላው። ስሙ ከኋላ ወደ ፊት እየተበላ ሄደ፤ ቀጥሎ ትእዛዙ ራሱ ተበላ። ሲያልቅ መስመሩ ባዶ ሆኖ ቀረ። በስልኩ ውስጥ ሥራ አስኪያጁ፣ «ጠፋ?» ሲል፣ ጥድፊያም በእርጋታ፣ «የጻፈችው ሁሉ ጠፍቷል፣ ጌታዬ፤ ሙዚቃውን ከፊት አስቀድመን እንጭናለን» ሲል ሰማች። ጥድፊያ በእርጋታ ሲናገር ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

ስልኩ ተዘጋ። ባዶው መስመር ላይ፣ ፊደል በፊደል፣ ቃል ይወጣ ጀመር።

«ነገ» ይላል። ትንሽ ቆየና ቀጠለ። «ግን ቀዩን ነበር የሰጠሁት።»

እትዬ ስክሪኑን አየችው። ከዚያ ወደ አማቷ ዞራ፣ «እማማ፣ ያ ኬብል አቀባይ ‹ቀዩን ነበር የሰጠሁት› ይላል» አለች።

«ውሸቱን ነው» አሉ አማቷ ቀና ሳይሉ። «በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው፤ ጠረገችው፤ አደረገችው። ከዚያ እሷም በዚያው መስመር ላይ፣ ማንም ጣልቃ ሳይገባባት፣ «ሰማያዊ ነበር» ብላ ጻፈችና ላፕቶፑን ከድና ምሳ ልታቀርብ ተነሣች።