ሰባተኛው ጉድጓድና የገብርኤል ከበሮ

ቀሲስ ዘነበ እጃቸውን አንሥተው ጉምጉምታውን ባያስቆሙላት ኖሮ እጅጋየሁ ንግግሯን ከመሀል ትታ ለመቀመጥ ትገደድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ በምድር ቤቱ አዳራሽ የተሰበሰበው ሰበካ ጉባኤ ስለ ንግሥ በዓሉ ድንኳንና ስለ ምግቡ ሊነጋገር መጥቶ ስለ ጎልፍ እሰማለሁ ብሎ አልጠበቀም።

"ትጨርስና ከዚያ እንጠይቃታለን" አሉ ቀሲስ።

ጨረሰች። ነገሩ እንዲህ ነው። ኦክላንድ፣ ኮረብታው ወገብ ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያናቸው በጓሮ በኩል ከማንዛኒታ ጎልፍ ክለብ ጋር ይዋሰናል፤ በመካከል የሽቦ አጥርና አንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ ብቻ አለ። ከአጥሩ ማዶ ያለው የጎልፉ ሜዳ ክፍል ሰባተኛው ጉድጓድ ይባላል። በሚመጣው እሑድ ቤይ ክላሲክ የተባለው የፕሮፌሽናሎች ውድድር፣ ከክለቡ ከራቀ ከአርባ ዓመት በኋላ ተመልሶ፣ የመጨረሻ ቀኑን እዚያ ይጫወታል። በዚያው እሑድ የሐምሌ ገብርኤል ታቦት ይወጣል። ጎልፍ ጸጥታ ይወዳል፤ ንግሥ ደግሞ ያለ ከበሮና ያለ እልልታ ንግሥ አይባልም።

እጅጋየሁ ከሁለቱም ወገን ነበረች። በክለቡ ምግብ ቤት ዐሥራ አንድ ዓመት አስተናግዳለች፤ በቤተ ክርስቲያኑም ከመሥራቾቹ አንዷ ናት። የተጣላ ባልና ሚስት ቤት ገብታ፣ አስታርቃ፣ ምሳዋን በልታ የምትወጣ ሴት ስለሆነች፣ የክለቡ ማናጀር ብራያን ባለፈው ሳምንት ቢሮው ጠርቶ ችግሩን ሲነግራት ዐይኗን እንኳ አላሸችም። የምግብ ቤቱ ኃላፊ ጡረታ ትወጣለች፣ ቦታው ላንቺ ይገባል፣ ሙሉ ሰዓት ከነጤና ኢንሹራንሱ፣ ነገር ግን እሑድ ከአጥሩ ማዶ ድምፅ ከተሰማ እኔም አንቺም አንኖርም አላት። "ለኔ ተወው" ብላው ወጣች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ ቃሏን የሰጠችው ገና ማንንም ሳታማክር ነበር።

ኢንሹራንሱን የፈለገችው ለራሷ አይደለም። ባሏ ባዩ ከአየር ማረፊያ መንገደኛ በሚያመላልስ ሚኒባስ ላይ ዕድሜውን ሲጨርስ ቀኝ ጉልበቱ አብሮ አለቀ። ሐኪሙ ካልተቀደደ አይድንም ካለው ሁለት ዓመት አለፈው። ደረጃ ሲወጣ ግድግዳ ይዞ ነው፤ ሰው ፊት ሲሆን ደግሞ ሥዕል የሚያይ መስሎ ይቆማል።

ጉባኤው መጠየቅ ጀመረ። አንዱ ማልደን አክብረን ብንጨርስስ አለ፤ ከሄይዋርድና ከሪችመንድ የሚመጣው ሰው ከመቼ ወዲህ ነው የሚማልደው ብለው ሳቁበት። ሌላው ደግሞ "በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ" ብሎ ተረተ፤ ያን ሁሉ ሣር ላጭተው ላጭተው ለበሬ የማይሰጡ ሰዎች ምን ያህል የዋህ እንደሆኑም አከለበት። ቀሲስ ግን አልሳቁም።

"በዓሉ የሚውለው ሐሙስ ነው፤ ሰው ሥራ ቀርቶ መምጣት ስለማይችል ነው ወደ እሑድ ያመጣነው" አሉ በቀስታ። "አንድ ጊዜ ለሥራ ብለን አዛውረነዋል። አሁን ደግሞ ለኳስ ዝም እናሰኘው ነው የምትይን፣ እጅጋየሁ?"

መልሱ ተዘጋጅቶ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረ። ከመናገሯ በፊት ግን አቶ ኃይለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አቶ ኃይለ የአስመራ ሰው ናቸው፤ ጉልምስናቸውን አዲስ አበባ፣ እርጅናቸውን ሄይዋርድ መጋዘን ውስጥ የጨረሱ። ከበሮውን ከሳቸው በቀር የሚነካው የለም። እጅጋየሁ ከሁሉም በላይ የተዘጋጀችው ለሳቸው ቁጣ ነበር።

"ሥራሽን የሚነካ ነገር ነው?" ብለው ጠየቋት።

"እውነቱን ለመናገር ይነካል፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ከበሮው ይቅር። እኔ በሺፍት ምክንያት ስንት ጥምቀት ቀርቻለሁ፤ እግዚአብሔር አልተቀየመኝም። ለልጃችን እንጀራ ሲባል ታቦቱ አንድ ዓመት በዝምታ ቢዞር ምን ይለናል?"

ከዚያ በኋላ የተከራከረ አልነበረም። ነርሷ፣ ፓርኪንግ ጠባቂው፣ የሊሞዚን ሾፌሩ፣ ሁሉም ሺፍት የሚባለውን ነገር ያውቁታል፤ አንድ በአንድ እሺ አሉ። ድምፅ ማጉያውም እንዲጠፋ፣ እልልታውም እንዲቀር፣ መዘምራኑም በለሆሳስ እንዲያዜሙ ተስማሙ። እጅጋየሁ ለጦርነት ታጥቃ መጥታ የሚገጥማት አጥታ ቆመች። አመሰገነች፣ ተቀመጠችም፤ ደስ ግን አላላትም።

መኪና ውስጥ ባዩ መሪውን ይዞ ፈገግ ብሎ ነበር። እሱ ጉባኤው ውስጥ ባይኖርም ወሬው ፓርኪንግ ድረስ ቀድሟታል።

"አንቺ ገብተሽበት ያላለቀ ነገር የት አለ?" አላት።

"በጣም ቶሎ እሺ አሉኝ፣ ባዩ።"

"እና ምን ክፋት አለው?"

"ቢጣሉኝ ይሻለኝ ነበር።"

ባዩ ሳቀባት። መብራት ሲይዛቸው ጉልበቱን ሁለቴ አሸት አደረገ፤ መስከረም ላይ ቀጠሮ ይያዝልኝ ይሆን፣ ሚሊኒየሙን በሁለት እግሬ ቆሜ እቀበል ይሆን እያለ ድምፁን አውጥቶ ማሰብ ጀመረ። እሷም ይሆናል አለችው። ሰኞ ጠዋት ብራያንን አግኝታ ጨርሻለሁ ስትለው ትከሻዋን ቸብ ቸብ አድርጎ አመሰገናት።

ማክሰኞ ክለቡ ለጋዜጠኞች ምሳ አዘጋጀ። ውድድሩ ሐሙስ ከመጀመሩ በፊት ታሪኩንና ሜዳውን የሚያስተዋውቅ ምሳ ነው። ሰማያዊ ኮት የለበሱ ሰዎች፣ ሁለት የቴሌቪዥን ካሜራዎች፣ ማስታወሻ ደብተር የያዙ ወጣቶች በመስኮቱ ግድም ተቀምጠው ሳልሞን በሉ። እጅጋየሁ የውኃ ማንቆርቆሪያ ይዛ በጠረጴዛዎቹ መሀል ትዞራለች። እንዲህ ባለው ቀን ስሟን የሚያውቁ አባላት እንኳ ብርጭቋቸውን እንጂ እሷን አያዩም፤ እሷም ይህን እንደ ስድብ ቆጥራው አታውቅም፤ ሥራ ሥራ ነው።

የተናገሩት ሚስተር ዊትከም የሚባሉ፣ ከክለቡ አባላት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ ሽማግሌ ነበሩ። ውድድሩ እንዴት እንደተጀመረ አወሩ፤ ያ ዘመን አገሩ ሁሉ ሥራ ያጣበት፣ ክለቡም በሩን ሊዘጋ የደረሰበት ነበር። አባላቱ የመጨረሻ ገንዘባቸውን አዋጥተው፣ ይህን ኮረብታ ሰው ያየው ዘንድ ብለው ተጫዋቾች ጠሩ። ለመጀመሪያው አሸናፊ የሰጡት ገንዘብና አንድ መኪና ሙሉ የኮክ ፍሬ ነበር፤ ሰውየው ገንዘቡን ይዞ ኮኩን ለሰፈሩ ልጆች አደለ። በዓለም ጦርነቱ ጊዜ ተቋረጠ፣ ቀጠለ፣ በኋላም ሰፋፊ ሜዳዎችና ቴሌቪዥን ሲመጡ ወደ ሌላ ከተማ ኮበለለ። ዘንድሮ ተመልሷል። ጠዋት ጠዋት ጉም አለ፣ አሉ ሽማግሌው፤ ሜዳው ጠባብና ዳገት የበዛበት ስለሆነ ኳስ ራቅ አድርጎ በመምታት ብቻ የሚመካ ሁሉ እዚህ ያለቅሳል። እሑድ የሚለየውም ሰባተኛው ላይ ነው። አጭር ናት፣ ግን ሣሯ እንደ ቤት ጣሪያ ወደ አጥሩ ታዘቀዝቃለች፤ እሷን በሰላም ያለፈ ዋንጫውን ሊወስድ ይችላል።

"ስለ ሰባተኛዋ ካነሣሁ ደወሉን ሳልነግራችሁ አልቀመጥም" አሉ።

ከጦርነቱ በፊት በነበረ አንድ የመጨረሻ ቀን፣ ከፍሬዝኖ የመጣ የገበሬ ልጅ ሰባተኛው ጉድጓድ አፍ ላይ ደርሶ ኳሷን ሊገፋ ሲያጎነብስ፣ ከአጥሩ ማዶ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ። ልጁ ቀና አለ። ቆቡን አውልቆ ቆመ። ደወሉ ረዘመ፤ ተመልካቹ ተቁነጠነጠ፤ ተፎካካሪው በግልጽ ተሳደበ። ሲያበቃ ልጁ ቆቡን አጥልቆ ኳሷን ከተተ፤ በአንድ ምት ብልጫም አሸነፈ። ለምን ቆምክ ሲሉት፣ ከእኔ በፊት የጀመረው እሱ ስለሆነ ይጨርስ ብዬ ነው አላቸው።

ሰዉ ሳቀ፣ አጨበጨበም። እጅጋየሁ ብርጭቆ እየሞላች ነበር፤ ውኃው ጠርዙ ላይ እስኪደርስ አላስተዋለችውም።

"የሚያሳዝነው" አሉ ሚስተር ዊትከም፣ "ደወሉ ተሸጠ፣ ምእመናኑም አለቁ። ያ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ጸጥ ብሏል።"

ብራያን ከጥግ ሆኖ፣ ለእሑድ ግን ጸጥታው ይጠቅመናል ብሎ ቀለደ።

የእጅጋየሁ ጆሮ ጋለ። ጸጥ አለ የተባለው እሷ ልጇን ሊሊን ክርስትና ያስነሣችበት፣ አቶ ኃይለ በዚያ እርጅናቸው ላብ በላብ እስኪሆኑ የሚመቱበት ቤት ነው። ቢያንስ እስካለፈው እሑድ ድረስ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ያን ጸጥታ ለምና፣ አስፈቅዳ፣ እንደ ትሪ ተሸክማ ያመጣችላቸው ራሷ መሆኗ ትዝ ሲላት አፈረች፤ ካፈረችም በኋላ ተናደደች። የተናደደችው በሽማግሌው አልነበረም። ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ይቅርታ፣ ሚስተር ዊትከም። ቤተ ክርስቲያኑ ጸጥ አላለም። አሁን የኛ ነው።"

ሽማግሌው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩአት። በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ምናልባት በደንብ ያዩአት ያን ቀን ነው።

"ደወል አላችሁ?" አሏት።

"ደወል የለንም፤ ከበሮ ነው ያለን። እሑድ የገብርኤል በዓል ነው። እኩለ ቀን ላይ ታቦቱ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ ሰዉ ይዘምራል፣ ሴቶች እልል ይላሉ። ከሰባተኛው በደንብ ይሰማል።"

አንዲት ጋዜጠኛ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል ብላ ጠየቀች። እጅጋየሁ እውነቱን ነገረቻት፤ ቀሲስ ስብከት ካበዙ ከሰዓት በላይ። ሚስተር ዊትከም ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው፤ ዘንድሮ ቆብ አውልቆ የሚቆም ሰው ጥሩ እግር ያስፈልገዋል አሉ። ሳቁ ተዛመተ፤ ካሜራው ወደ ባሕር ዛፎቹ ዞረ። ብራያን ብቻ አልሳቀም።

ወደ ወጥ ቤቱ በሚያስገባው ኮሪደር ላይ ጠበቃት።

"ጨርሻለሁ ብለሽኝ ነበር እኮ" አላት።

"ጨርሼ ነበር። እነሱ እሺ ብለዋል። እሺ ያላልኩት እኔ ነኝ።"

ብራያን ክፉ ሰው አልነበረም። ግንባሩን አሻሸ፤ የውድድሩ ባለቤቶች ምን እንደሚሉት እንደማያውቅ፣ የኃላፊነቱንም ጉዳይ ሰኞ እንደሚያየው፣ ከእንግዲህ ቃል ሊገባላት እንደማይችል ነገራት። እንነጋገራለን አለችው። ስለ ኢንሹራንሱ ልትለምነው አፏ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጠችው። ለባዩ ማታ ፊት ለፊት ተቀምጣ ትነግረዋለች። ይከፋዋል፤ ይቆጣትም ይሆናል፤ እውነት አለው። ጉልበቱ እውነተኛ ነው፣ ሕመሙም ቀልድ አይደለም። ይህን ስታስብ ልቧ ቢያዝንም፣ ያደረገችውን መልሳ ብታስበው መልሳ የምታደርገው እንደሆነ አወቀች።

በኋለኛው በር ወጥታ፣ የቆሻሻ ገንዳዎቹ አጠገብ ቆማ ስልኳን ከፈተች። አቶ ኃይለ ከብዙ ጥሪ በኋላ አነሡ።

"ጋሼ፣ እጅጋየሁ ነኝ። የእሑዱን ነገር ይተዉት፤ ከበሮው ይመታል።"

"ምን ተገኘ? ሥራሽስ?"

"ሥራዬን ለኔ ይተዉልኝ። ቆዳው እንዳይላላ ቅዳሜ ፀሐይ ያስመቱት።"

አቶ ኃይለ ቀስ ብለው፣ አንቺስ ከመዘምራኑ ጋር ትቆሚያለሽ ወይ ብለው ጠየቋት።

"አልችልም፤ እሑድ ክለቡ ነኝ፣ ምሳው የኔ ነው" አለች። "ስለዚህ እዚህ ድረስ እንዲሰማኝ አድርገው ይምቱልኝ።"