የአንበጫ ድልድይ ቃለ ጉባኤ

ሐምሌ አንድ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሰባት ሰዎች በአንበጫ ወንዝ ድልድይ ላይ ሲሻገሩ ታዩ። ድልድዩ አልተሠራም። ሰባቱም ባለፉት ዓመታት መልካው ላይ ውሃ የወሰዳቸው ሰዎች ናቸው።

ይህን የምጽፈው የወረዳው የዕቅድ ባለሙያ ስለሆንኩ ነው፤ ድልድዩም ከእኔ እጅ የወጣ ነው። አንበጫ ዘጠኝ ዓመት በካፒታል ፕሮጀክቶች ዕቅድ ውስጥ ነበር። ስምንቱን ዓመት «ወደሚቀጥለው በጀት ዓመት የተሸጋገረ» እያልን አሳለፍነው። በዘጠነኛው ተፈቀደ፤ ግን ገንዘቡ የደረሰን ግንቦት አጋማሽ ላይ ነበር። እስከ ሰኔ ሠላሳ ድረስ ሥራ ላይ ያልዋለ በጀት ተመላሽ እንደሚሆን የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ የለም። ኃላፊያችን አቶ ሙላቴ ከሚመለስ ብለው ለመሰብሰቢያ አዳራሹ ጣሪያ አዋሉት። የድልድዩን ጉዳይ የምንወያየው እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው። እኔም ሪፖርቱ ላይ ከአንበጫ ስም ፊት ለፊት «መቶ በመቶ ተጠናቋል» ብዬ ጻፍኩ፤ መስከረም ሲጠባ እናስተካክለዋለን ተባባልን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ ለወንዝ ብቻ አይደለም።

ሰባቱ በታዩ በማግስቱ ንድፉን ይዤ ሄድኩና አመሳከርኩት። ሦስት ምሰሶ አለው፤ ነጭ ቀለም የተቀባ የብረት መደገፊያም አለው፤ ከንድፉ አንድም የጎደለ ነገር አላገኘሁበትም። የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ጓንጉል ልሞክረው ብለው አህያቸውን ነዱበት። አህያዋ እምቢ አለች። እሳቸው ግን ተራመዱ፤ ሁለት ሰው በገመድ ከውሃው ጎትቶ አወጣቸው። ድልድዩ የሚያሻግረው ሰባቱን ብቻ እንደሆነ በዚህ ተረጋገጠ።

ከሰባቱ አንዷ አንጓች ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ምጥ ይዟት በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ስትወሰድ መልካው ላይ ተሸካሚዎቹን ውሃው አዳለጣቸው። እነሱ ተረፉ፤ እሷ ከነፅንሷ ቀረች። አሁን በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ከነሆዷ ትሻገርና ጤና ጣቢያው በረንዳ አግዳሚ ወንበር ላይ ወረፋ ትይዛለች። ካርድ ስለሌላት አትጠራም። ሌሎቹ ስድስቱ ወፍጮ ቤትና ገበያ ደርሰው ስድስት ሰዓት ላይ ሲመለሱ እሷም አብራቸው ትመለሳለች። ወንበሩ ላይ የተወችውን ውሃ የጽዳት ሠራተኛዋ ትወለውለዋለች። እናቷ ወይዘሮ የሻረግ በየጠዋቱ ወንዙ ዳር ተቀምጠው ስትሄድና ስትመለስ ያዩአታል።

መስከረም ላይ አንበጫን እንደገና ዕቅድ ውስጥ እንዲያስገባልን ዞኑን ጠየቅን። መልሱ አጭር ነበር፤ ድልድዩ በመዝገብ ስላለ ለአንድ መልካ ሁለት ድልድይ አይታቀድም። ማረም የሚቻለው የቀበሌው አባወራና እማወራ በሙሉ ድልድይ አለመኖሩን በቃለ ጉባኤ ካረጋገጠ ብቻ ነው፤ ያውም እስከ ኅዳር መጨረሻ። መቶ አሥራ ሁለት ሰው ፈረመ። የቀሩት ወይዘሮ የሻረግ ናቸው።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት ቃለ ጉባኤውንና የአሻራ ቀለሙን ይዤ ወንዙ ዳር አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ታናሽ ልጃቸው ደብሬ ካረገዘች ሁለት ወሯ እንደሆነ ሰምቻለሁ። የምትወልደው ሰኔ ላይ ነው፤ ሰኔ ላይ ደግሞ አንበጫ ይሞላል።

«ድልድይ የለም ብዬ ልፈርምልህ?» አሉኝ። «ልጄ በየቀኑ እየተሻገረችበት?»

«ያ ድልድይ የኔ ስህተት ነው፣ እማማ። እሱ ካልተሰረዘ ሌላ አይሠራም። ደብሬን ደግሞ በዚሁ መልካ ሊወስዷት ነው።»

ድንጋይ አንስተው ውሃው ውስጥ ጣሉ።

«ስፈርም መሃል ላይ ብትሆንስ?»

በዚህ ረገድ የወረደ መመሪያ እንደሌለ ነገርኳቸው። መመሪያ የሚጠየቅበት ነገር አልነበረም። እስከ ዛሬ ድረስ ሳስበው አፍራለሁ።

«እንግዲያው ትሻገር» አሉ። «ወዲህ ማዶ ምን አላት? ወረፋዋን ትያዝ።»

አራት ሰዓት ላይ ሰባቱ መጡና ተሻገሩ። አንጓች ከድልድዩ ስትወርድ ዞር ብላ እናቷን አየቻቸው። ወይዘሮ የሻረግ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ አሳርፈው ወረቀቱ ላይ ጫኑ። ቀና ስንል ውሃው ብቻ ነው ያለው። ስድስት ሰዓት ላይ ስድስቱ ከገበያ ተመልሰው ዳር ላይ ቆሙ፤ ጥቂት ጠበቁና አንድ በአንድ ውሃው ውስጥ ገቡ። አንጓች አልመጣችም። እሳቸው አላለቀሱም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ አንጓች ከአግዳሚው አልተነሳችም። ታካሚዎቹ መጀመሪያ ይሸሿት ነበር፤ ወራት ሲያልፉ ግን ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታዋን ይተዉላት ጀመር። እውነተኛው ድልድይ ግንቦት ላይ አለቀ። ሰኔ ሃያ ስምንት ቀን ደብሬን ምጥ ያዛትና አራት ሰዎች በቃሬዛ አሻገሯት፤ የአንዳቸውም እግር አልረጠበም። ወይዘሮ የሻረግ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ቆመው ሁለት ካርድ አወጡ። ሠራተኛው የሁለተኛዋን ስም ጠየቃቸው፤ ነገሩት፤ ጻፈ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አዋላጇ በሩ ላይ ወጥታ «አንጓች» ብላ ተጣራች። አንጓች ተነስታ ገባች።

ደብሬ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። በማግስቱ ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ ወልዋይዋን ይዛ ስትመጣ አግዳሚው ደረቅ ነበር።

ሰኔ ሠላሳ ቀን ሪፖርት ከመጻፌ በፊት አንበጫ ሄድኩ። ዘንድሮ በዓይኔ ሳላይ መቶ በመቶ ብዬ አልጽፍም ብያለሁ። ሁለት ቀን ዝናብ አልጣለም፤ የድልድዩ ወለል ደርቋል። ደረቁ ሲሚንቶ ላይ ከጤና ጣቢያው በኩል ወደ ማዶ የሚሄድ የባዶ እግር ዱካ አለ፤ እርጥብ ነው። የሴት እግር ነው። ከጎኑ ሌላ ትንሽ ዱካ አለ፤ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ እግር ያህላል። መሃል ላይ ሲደርስ ትንሹ ዱካ ከትልቁ ተለይቶ ወደ መደገፊያው ጠጋ ብሎ ቆሟል። እኔም እዚያው ቆሜ ወደ ታች አየሁ። ውሃው ውስጥ ስድስቱ ወረፋ ይዘው ቀና ብለው ያዩኛል።