ነሐሴ 31 የተወለዱት ልጆች

መዝገቡን ማዛወሩ ለሦስተኛ ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። ስክሪኑ ሁለተኛው ወር ሠላሳኛ ቀን እንደሌለው በቀይ እየጻፈ ነው።

"አቦይ ኣባዲ፣ የሁለተኛው ወር ሠላሳኛ ቀን ምንድን ነው?" አለች የኮምፒውተር ባለሙያዋ ለተንሳኤ።

የክሊኒኩን ካርድ ክፍል ለሃያ ሁለት ዓመት የያዙት አቶ ኣባዲ ከጋዜጣቸው ቀና አላሉም። "ጥቅምት ሠላሳ ነዋ። አንቺ አገርሽ የት ነው?"

"ኮምፒውተሩ እኮ የፈረንጅ ፌብሩዋሪ መስሎት ነው።"

"እሞ ንገሪው።"

ለተንሳኤ ልትነግረው ተቀመጠች። ዓዲ ሓቂ ሰፈር ያለው የሕፃናት ክሊኒክ እሑድ ዝግ ስለሆነ ዳታቤዙን ከአሮጌው ቨርዥን ወደ አዲሱ ለማዛወር ያላት አንድ ቀን ነው። ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ እናቶች ለክትባት ይሰለፋሉ። ሰኞ የእሷም የሙከራ ጊዜ ያልቃል። ቋሚ ለመሆን የቀራት ይህ ሥራ ብቻ እንደሆነ ሥራ አስኪያጁ ዶክተር በላቸው በደግነት፣ ሁለት ጊዜ፣ አስታውሰዋታል።

ችግሩ ልደት በሐበሻ አቆጣጠር እንደወረደ ሲመዘገብ መኖሩ ነው። አሮጌው ቨርዥን ከሞላ ጎደል የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል፤ ሰውም ለዚህ ይወደው ነበር። አዲሱ ይጠይቃል። ለተንሳኤ ቀኖቹን ወደ ፈረንጅ የሚቀይር አጭር ፕሮግራም ጻፈች፣ በአሥር ልጆች ሞከረችው፣ አሥሩንም በጣቷ ቆጥራ አረጋገጠች። ከዚያ ሁሉንም ለቀቀቻቸው። አሥራ አራት ሺህ ልጆች ያለ አንድ ቀይ መስመር አለፉ። ያጨበጨበ አልነበረም፤ አቶ ኣባዲ ጋዜጣ ገለጡ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ወደ ሮማናት አደባባይ ማኪያቶ ሊጠጣ ይወርዳል። እሷ ልጆቹን በየተወለዱበት ቀን ከፋፈለቻቸው። ጳጉሜን 1፣ መቶ አሥራ ስምንት ልጅ። ጳጉሜን 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ አንድም የለም።

"የጳጉሜን እናቶች ሁሉ ተነጋግረው ነው የሚወልዱት?" አለች።

አቶ ኣባዲ ጋዜጣውን አጠፉት። "አሥራ ሦስተኛ ወር ብዬ ሳስገባ እንቢ አለኝ። ነሐሴ 31 ብዬ ሳስገባ ግን ተቀበለ። ነሐሴ ሠላሳ አንድ እንደሌለው እሱ አያውቅም፣ እኔ አውቃለሁ። ሳየው ጳጉሜን መሆኑ ይገባኛል።"

ዘዴው እንከን የለውም፤ አቶ ኣባዲ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ። ፕሮግራሟም ነሐሴ 31ን በየዋህነት ከነሐሴ 30 አንድ ቀን ወደፊት ቆጥሮ ጳጉሜን 1 አድርጎታል።

"እውነተኛው ቀን አለ?"

"ካርዱ ላይ አለ። መብራት በጠፋባቸው ዓመታት እንኳ አንድ ካርድ አልጣልኩም፣ ጓለይ፣ ልጄ። ግን ፈልጎ ማውጣቱ ሦስት ቀን ይፈጃል።"

ስልኳ ጮኸ። ዶክተር በላቸው ናቸው።

"አለፈ አይደል?"

"አልፏል፣ ዶክተር። ግን የመቶ አሥራ ስምንት ልጆች ልደት ትክክል አይደለም።"

"በስንት ቀን?"

"ቢበዛ በአምስት።"

"በአምስት ቀን ማን ይሸብታል? ነገ ለቦርዱ አዲሱን አሳያለሁ ብያለሁ እኮ።"

"የልደት ማስረጃቸው ከዚህ ነው የሚወጣው። ነሐሴ 31 የሚለው ምልክት ከጠፋ ደግሞ ማንም ተጠራጥሮ ካርድ አያወጣም።"

"ለተንሳኤ፣ ነገ ስለ አንቺም ነው የምንነጋገረው። ተጠናቋል ልበል ወይስ አልተጠናቀቀም?"

"አልተጠናቀቀም ይበሉ።"

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በጀርባው አስተኛችው። አዲሱን ቨርዥን አቆመች፣ አሮጌውን መልሳ አስነሳች፣ የሰኞ ክትባት ዝርዝር መከፈቱን ሞከረች። ተከፈተ።

"ቋሚነትሽስ?" አሉ አቶ ኣባዲ።

ለተንሳኤ የመቶ አሥራ ስምንቱን ልጆች የካርድ ቁጥር አትማ ወረቀቱን ሁለት ቦታ ቀደደችው። ረጅሙን ለራሷ አስቀርታ አጭሩን ሰጠቻቸው።

"እርስዎ ከታችኛው መደርደሪያ ይጀምሩ" አለች፤ መሰላሉን ራሷ አነሳች።