ዲስኩ የሞላ ዕለት

የሆስፒታሉን ሰርቨሮች የምትጠብቀው ሴት ጠዋት ቢሮዋ ስትገባ ስልኩ ይጮኻል። ካርድ ክፍሉ ነው። «ኧረ እህቴ፣ ሲስተሙ ቆሟል! አንድም ታካሚ መመዝገብ አልቻልንም፤ ሰልፉ ከበር ወጥቷል!»

ኮምፒውተሯን ከፍታ ስታይ ደሟ ፈላ። ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቷል። የሞላው ደግሞ በሎግ ነው፤ ፕሮግራሙ የሚሠራውን ሁሉ እየተከታተለ በሚጽፍበት ፋይል። ሰው አንዲት ቁልፍ በነካ ቁጥር አንድ ገጽ ሙሉ ይለቀልቃል።

እንዲህ እንዲለፈልፍ ያደረገው ሌላ ማንም ሳይሆን የገዛ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ የሆስፒታሉ ፕሮግራመር። አንድ ስህተት ለማደን ከፈተው፣ ስህተቱን አገኘ፣ ሳይዘጋው ቀረ። ሎጉ በየቀኑ ተቆርጦ፣ ተጨምቆ፣ የቆየው እንዲሰረዝ ላድርግ ብትለው፣ «እያነበብኩት ነው፣ እንዳትነኪብኝ!» አላት። እናታቸው ቤት ምሳ ላይ እንኳ አንስታበት ነበር። «ሥራሽን ቢሮ ትተሽ ነይ እንጂ!» ብሎ በሳቅ አለፋት። እናታቸውም አብራው ሳቀች።

አሁን እየሮጠ መጣ። «አይዞሽ እትዬ፣ ፋይሉን አጠፋሁት!»

ኮምፒውተሯን አየች። ዲስኩ ያው ሙሉ ነው።

«ማን ንካ አለህ? ፕሮግራሙ እኮ ፋይሉን እንደያዘው ነው! እስኪለቀው ድረስ ቦታው አይመለስም!»

ፕሮግራሙን ራሷ አቁማ እንደገና አስነሳችው። ዲስኩ ተነፈሰ፤ ካርድ ክፍሉም መመዝገብ ጀመረ። ላቧን ሳትጠርግ ዳይሬክተሩ በሩን በርግደው ገቡ።

«ምንድን ነው ይሄ? በሽተኛ ደጅ ላይ እየወደቀ!»

ወንድሟ ቀደማት። «ማሽኑ አርጅቶ ነው ጋሼ። አዲስ ዲስክ ያስፈልገናል።»

ዳይሬክተሩ ወደ እሷ ዞሩ። «ታዲያ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ? ለምን ቀድመሽ አላሳወቅሽም?»

ወንድሟን አየችው። አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል። ሊያርም አፉን አልከፈተም። ያኔ ነው የበገነችው።

«ማሽኑ ምንም አልሆነም! ሎጉን ከፍቶ የተወው እሱ ነው። ዝጋው አልኩት፣ አልሰማኝም። ልቁረጠው አልኩት፣ ከለከለኝ። አሁን ደግሞ ፊቴ ቆሞ ይዋሻል!»

«እትዬ!»

«እትዬ እቤት!»

ዳይሬክተሩ ወንድሟን አስከትለው ወጡ። እሷም ያንኑ ቀን የማንንም ፈቃድ ሳትጠይቅ ሎጉ በየቀኑ እንዲቆረጥ፣ ዲስኩ ሊሞላ ሲል ደግሞ ለእሷም ለእሱም በስልክ መልእክት እንዲደርስ አደረገች።

ከሥራ ስትወጣ እናቷ ደወለች። «በሰው ፊት አዋረድሽው አሉ? ታናሽሽ አይደለም እንዴ?»

«እሱ ሲያዋርደኝስ እማዬ? ታላቅ እህቱ አይደለሁም?»

እናቷ ወሬውን ቀይራ፣ «እሑድ ምሳ ትመጫለሽ አይደል? እሱም አለ» አለቻት።

«እመጣለሁ። ይቅርታ ካላለኝ ግን ሰላም እንኳ አልለውም፤ ንገሪው» ብላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት። እናቷ ላይ ስልክ ዘግታ አታውቅም ነበር። አሁንም ግን መልሳ አልደወለችም።